ላይኛው ረድፍ

ግቢያችን ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ሁሉም «ቆይ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እኔ ነኝ ቢላችሁ አትመኑት። ሞተር አሠርቶ ቁልፉን ለማዞር እጁን የሚበላውን ባለመኪና ሁሉ ቆይ ትለዋለች። «ቆይ፣ ውሃው ይሙቅ።» «ቆይ፣ ገና ነው።» «ቆይ አልኩህ፣ እግርህን አንሳ!» አንድ ቀን ከማዶ ብየዳዬ ላይ ሆኜ ስሰማት ሰለቸኝና «አንቺ ቆይ! ሰውየው ሸብቶ ነው እንዴ የሚነዳው?» ብዬ ጮህኩ። ግቢው ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ስሙም በዚያው ጸና።

እኔ በያጅ ነኝ። የእኔን ሥራ ማንም አይቶ ይረዳዋል፤ የተሰበረ ብረት ይገባል፣ የተያያዘ ብረት ይወጣል። የእሷን ግን ሰው አይቶ «ቁጭ ብላ ኮምፒውተር ትነካካለች» ይላል። እንዲህ ሲሉ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ሌላውን ከማውራቴ በፊት ይህን ላስረዳ፤ ይህ ካልገባችሁ በኋላ የሆነውም አይገባችሁም።

ከፋብሪካ የወጣ መኪና ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጠጣ ፋብሪካው ወስኖለታል። ሰው ግን አርፎ አይቀመጥም። የሚኒባስ ሞተር አውጥቶ ትንሽዬ መኪና ውስጥ ይከታል፤ ከጭነት መኪና ላይ ተርቦ ፈትቶ ይገጥምበታል፤ ነዳጁን የሚረጩትን ኢንጀክተሮች ደግሞ ከሌላ ቦታ ለቃቅሞ ያመጣል። እንዲህ ያለው ሞተር አባቱም እናቱም አይታወቁም፤ ምን ያህል እንደሚበላም የሚያውቅ የለም። የምትነግረው ቆይ ናት። ኮምፒውተሯ ላይ እንደ ዳማ ገበታ በካሬ የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አለ፤ የነዳጅ ካርታ ትለዋለች። ከግራ ወደ ቀኝ የሞተሩ ዙር ነው፣ ከታች ወደ ላይ ደግሞ የተሸከመው ሸክም። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ በዚህ ዙርና በዚህ ሸክም ይህን ያህል ነዳጅ ስጠው የሚል ቁጥር ይቀመጣል።

ዋናው ጭንቅ የመጀመሪያው ካርታ ነው። ሞተሩ ገና ሳይነሣ፣ ጠባዩን ማንም ሳያውቅ፣ ካሬዎቹ ሁሉ መሞላት አለባቸው። ሌሎቹ ከሌላ መኪና ገልብጠው ይገላገላሉ። እሷ አትገለብጥም። የሞተሩን ስፋትና የኢንጀክተሩን ልክ አስልታ ትሞላለች፤ ከዚያ ላይኛዎቹ ረድፎች ላይ፣ ማለት ተርቦው አየር በሚያጭቅበትና ሞተሩ ከባድ ሸክም በሚሸከምበት ቦታ፣ ከሒሳቡ በላይ ትጨምርበታለች።

«ለምን ታባክኛለሽ?» አልኳት አንዴ።

«ነዳጅ ሲበዛበት ያጨሳል፣ ያስላል፣ ይቆሽሻል፤ አይሞትም» አለችኝ። «ከባድ ሸክም ላይ ሲያንሰው ግን ይግላል። ያንኳኳል። ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይበጠሳል። መጀመሪያ ላይ ደግሞ አያሳውቅህም። እንዲያውም ይበረታል፣ ያማረለት ይመስልሃል።»

ከዚያ ለመጣ ሰው ሁሉ የምትለውን ለእኔም ደገመችልኝ። «በእኔ የመጀመሪያ ካርታ የሞተ ሞተር የለም።» ጉራዋ ይቺው ነበረች፤ ሌላ ጉራ የላትም።

ካርታው የሚታረመው ሮለር ላይ ነው። ወለሉ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት የብረት በርሜሎች በሏቸው፤ የመኪናው የኋላ ጎማዎች በላያቸው ይቀመጣሉ። መኪናው ይጋልባል፣ ግን የትም አይሄድም። እንዳይዘል ከአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ይታሰራል፤ ማሰሪያዎቹን የበየድኳቸው እኔ ስለሆንኩ አይበጠሱም። ባለመኪናው መሪውን ይይዛል፣ ቆይ ከጎኑ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ሁለት ሺህ ዙር ያዝ ትለዋለች፣ ይይዛል፤ ጭስ ማውጫው ውስጥ የተሰካው መለኪያ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ አንዱ ካሬ ይታረማል፣ ወደ ሚቀጥለው ይኬዳል። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ስንቱ ጎረምሳ ነው እግሩ ደንዝዞበት ከመኪናው እያነከሰ የወረደው!

አሁን ወደ ወንድሟ ልምጣ።

አባታቸው መካኒክ ነበር፤ በእጁ የያዘውን ዕቃ ሰው ላይ የሚወረውር ዓይነት መካኒክ። የቆይ ቀኝ ጆሮ የማይሰማው በእሱ የቧንቧ መፍቻ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ልጅ ነበረች፣ ወንድሟ ደግሞ ገና መራመዱ ነው። «አባባ የውጭውን በር በኃይል ከዘጋው ምንም አይደለም፤ ጮሆ ይተኛል» አለችኝ አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፣ የሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል። «የሚያስፈራው በቀስታ የዘጋው ቀን ነው። ያን ጊዜ ወንድሜን አልጋ ሥር እከተውና እኔ ከፊት እቆማለሁ።» በጀርባዋ አዝላ፣ ከአፏ ነጥላ አሳደገችው። ሲያማት እንኳን ስሙን ነው የምትጠራው።

ከአልጋ ሥር ያወጣችው ልጅ አድጎ አባቱን ሆነ። ሰፈሩ «ጉልቤ» ይለዋል። የበሬ የሚያህል አንገት አለው፣ ጡጫው የታወቀ ነው፣ ለሰላምታ ትከሻህን ሲመታህ እንኳ ለቀናት ታስታውሰዋለህ። እህቱን ግን «እታለም» ነው የሚላት። አንድ ሰሞን በር ላይ ገፍትሮ ግንባሯን ሲፈነክታት እንኳ «እታለም፣ አንቺ ነሽ እኮ ያናደድሽኝ» ብሎ በገዛ ሸሚዙ ደሟን ጠረገላት። ከዱላው ይልቅ ያ መጥረጉ ነው ያንገበገበኝ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳቂታ ነበረች፤ ለግቢያችን ሰው ሁሉ ቱታ የሰፋችው እሷ ናት። ከዕለታት አንድ ቀን ከደንበኛ ጋር ተሳሳቅሽ ብሎ የቀኝ እጇን ጣቶች በሩ መቃን ላይ ይዞ በሩን ዘጋባቸው። ሁለቱ ዳግመኛ አልታጠፉም። ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ የቤት ጉዳይ ነው፣ ተስማሙ ብለው መለሷት። ዘመድ ተሰብስቦ አስታረቃቸው። ከዚያ በኋላ ሲወጣ እሷንና ትንሿን ልጃቸውን ከውጭ በቁልፍ ቆልፎባቸው መሄድ ጀመረ፤ የት እንደሚሄድ፣ መቼም እንደሚመለስ ግን አይታወቅም።

ቆይ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ታውቃለች ግን ወንድሟ ነው፤ «ይበርድለታል፣ ቆይ» ትለኝ ነበር። እኔም በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተጣልቻታለሁ። አንድ ጠዋት ግን ፊቷ አመድ መስሎ መጣችና ብየዳዬን አስቆመችኝ።

«ትናንት ወንድሜ ቤት ነበርኩ፤ እኔ ስላለሁ በሩን ሳይቆልፍ ወጣ» አለችኝ። «እየተጫወትን ሳለ እሱ ከውጭ መጣና በሩን በቀስታ ዘጋው። ልጅቷ አሻንጉሊቷን ጣለችና አልጋ ሥር ገባች። ማንም አልነገራትም። ማንም ሳይነግራት ገባች።»

እኔም ምን ላግዝሽ አልኳት።

ጉልቤ በዚያን ጊዜ አንድ ሞተር አሠርቶ ነበር፤ ከሚኒባስ የወጣ ባለስድስት ፒስተን፣ የጭነት መኪና ተርቦ የተጫነበት። ትንሿ ባለሁለት በር መኪናው ውስጥ ሲገባ የፊት ክዳኑ አልዘጋ ብሎ እኔ ነኝ ቆርጬ ያስፋሁለት። በየቀኑ እየመጣ «እታለም፣ መቼ ነው የምታስነሽልኝ?» ይላታል። እሷም በየቀኑ ቆይ ትለዋለች። ያን ቀን ግን በራሷ ደውላ «ነገ ጠዋት አምጣት» አለችው።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። ካርታ ሲሠራ ባለመኪናው ከመሪው አይነሣም። እሱ ሮለሩ ላይ ታስሮ ካሬ በካሬ ዙር ሲይዝ፣ የእኔ እህት ባል የጭነት መኪናውን ይዞ ቤታቸው ይሄዳል፣ ከእኔ በወሰደው መቁረጫ ቁልፉን ይሰብራል፣ እናትና ልጅን ከነስፌት መኪናዋ ጭኖ ከከተማው ያወጣቸዋል። ከዳገቱ ባሻገር ባለው ከተማ አውቶቡስ ይሳፈራሉ፤ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚሄዱ ሚስቱ ለእኛም አልነገረችንም፣ ደግ አደረገች። ያላት ጊዜ ካርታው እስኪያልቅ ነው። ከዚያ በፊት ጉልቤ ካወቀ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፤ ይደርስባታል። ሲደርስባት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከአሁን በፊት ራሱ በአፉ ተናግሯል።

በማግስቱ መኪናዋን ሮለሩ ላይ አቁመን ሰንሰለቱን አጠበቅን። ቆይ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ስልክህን አጥፋና ለበያጁ ስጠው» አለችው። «መለኪያውን ይረብሸዋል።»

ይህ ውሸት ነው። ስልካቸው ላይ ሲለፈልፉ የሚውሉ ባለመኪናዎች ስንት ጊዜ አስተካክላላቸዋለች! በሥራዋ ስትዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጉልቤ ግን በካርታ ነገር እሷን ተጠራጥሮ አያውቅም፤ ስልኩን አጥፍቶ ወረወረልኝ፣ እኔም ከሽርጤ ኪስ ከተትኩት።

ሞተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣ። ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ የሌለው ጭስ ማውጫ የግቢውን ቆርቆሮ ሁሉ አንቀጠቀጠው። ጉልቤ እንደ ሕፃን ጮኸ፣ እህቱን ጎትቶ ግንባሯን ሳማት። ከዚያ ሥራው ተጀመረ።

«ሁለት ሺህ ያዝ።»

«ያዝኩ።»

«አልያዝክም፣ እየዘለልክ ነው። ያዝ።»

ፀሐዩ ከፍ ሲል ትዕግሥቱ አለቀ። ዳሽቦርዱን በጡጫ እየደጋገመ መትቶ ሰነጠቀው። «እታለም፣ ሞተር ነው ወይስ ሕፃን እያስተኛሁ ነው?» ብሎ ጮኸባት።

«ሕፃን አስተኝተህ ታውቃለህ?» አለችው ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

መሪውን ለቆ አንገቷን በአንድ እጁ ያዛት። አልጨመቃትም፣ ያዛት ብቻ፤ ለማሳየት ያህል። እሷም መለኪያውን እያየች «ዙሩ ወረደ፣ እንደገና ልንጀምረው ነው» አለችው። እጁን መለሰ። እኔ በዚህ በኩል የምሠራው ጠፍቶኝ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሜ በየድኩ። ጠጋ ብዬ ሳይ ደግሞ ቀደም ብላ የጨረሰችውን ረድፍ ከመጀመሪያው እያሠራችው ነበር። ጊዜ እየገዛች ነው። ጨዋታው ሙሉ በሙሉ በእጇ የገባ መሰለኝ።

ይህን ሁሉ ያበላሸው ጎሚስታው ነው፤ ጎማ የሚጠግነው ጎረቤታችን። ክፋት የለበትም፣ አፉ ብቻ ነው የማያርፈው። ሰፈር ወርዶ ጎማ እያንከባለለ ሲመለስ በመኪናው መስኮት አንገቱን አስገባና «ጉልቤ፣ ቤት ቀየራችሁ እንዴ? ሚስትህ ዕቃ አስጭና ስትሄድ አየኋት፤ ለእኛ ሳትነግሩን!» አለው።

ጉልቤ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ። ሞተሩን አጠፋ። ወረደ፤ በሩንም በቀስታ ዘጋው።

በቀስታ ሲዘጋው የሌላ ሰው አባት ነበር የምፈራው።

በእሷ በኩል ዞሮ በሩን ከፈተና ፀጉሯን ጨብጦ ራሷን ወደ ኋላ አጠፈው። «እታለም፣ የት ነው የላክሻት?» አላት በለሆሳስ። አፏን በጡጫ መታት። አሁንም የት ነው አላት። አሁንም መታት። የጥርስ ስባሪ ኮምፒውተሩ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷ ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ አቅፋ ይዛዋለች፤ ፊቷን አልሸፈነችም፣ እሱን ነው የሸፈነችው።

ቧንቧ አንሥቼ ሮጥኩ። ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት፤ ዝንብ ያረፈበት አልመሰለውም። ከመሬት የክሪክ ዘንግ አነሣና ቀኝ ክንዴን አንድ ጊዜ መታኝ፣ ክንዴ ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ተሰማኝ። ወደቅኩ። ጎድኔን በጫማው ረገጠና ከኪሴ ስልኩን ወሰደ። ጎሚስታውን «ሰንሰለቱን ፍታ! አንተንም እንዳልደግምህ!» አለው። ምስኪኑ ተንበረከከ። ማሰሪያዎቹን ጠንካራ አድርጌ በመሥራቴ ያን ቀን ራሴን አመሰገንኩ፤ ለመፍታት ጊዜ ይወስዳሉ።

ጉልቤ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ ስልኩን አብርቶ ለሚስቱ ይደውላል፣ አታነሣም፣ ግድግዳውን ይመታል። እኔ ወለሉ ላይ ተኝቼ ቆይን አያታለሁ። ከአፏ ደም ወደ አገጯ ይወርዳል። ኮምፒውተሩን ከፍታ ጣቶቿ ይሠራሉ። ካርታውን ልታስቀምጥ መሰለኝ። ሴትዮ፣ አሁንም ሥራሽን ነው የምታስቢው ብዬ በልቤ ሰደብኳት። የፊቷን ነገር ግን አልረሳውም። ሰው የገዛ ልጁን ቁስል ሲያጥብ እንደዚያ ያለ ፊት ያወጣል።

የመጨረሻው ሰንሰለት ሲወድቅ ጉልቤ መጣ። «ይሄዳል?» አላት።

«ታችኛው አልቋል» አለች፤ ከንፈሯ ስላበጠ ቃሉ ይጎተታል። «ላይኛው ገና ነው። ቆይ።»

ሳቀባት። «በእኔ የመጀመሪያ ካርታ የሞተ ሞተር የለም ስትይ አይደለም እንዴ የኖርሽው?»

«ቆይ አልኩህ» አለችው እንደገና። ይህኛው ቆይ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ልመና ነበር። እጅጌውን ይዛ ነበር።

እጇን መንጭቆ ከመኪናው አውጥቶ ጣላት፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀለው፣ ገባ። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ የጎማው ጭስ ሸፈነን። እግዜር ያውቃል፣ አነሣሥዋ ያምር ነበር።

ቆይ እንደወደቀች አልተነሣችም። የሚሰማውን ግራ ጆሮዋን ወደ መንገዱ አዞረች። ከግቢያችን ጀርባ ከተማው ያልቅና ረጅሙ ዳገት ይጀምራል፤ የመኪና ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ እኛ ጋ ይደርሳል። ሰማነው። ሁለተኛ ማርሽ። ሦስተኛ። ድምፁ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ በላይ ይወጣል ብዬ ከማስበው አልፎ ወጣ። እንደሚዘፍን ነበር። ከዚያ አንድ ፍንዳታ፣ ቀጥሎ የብረት መጎተት፣ ቀጥሎ ዝምታ። ከዳገቱ በላይ ጥቁር ጭስ ተነሣ።

«ገደልኩት» አለች። «ወንድሜን ገደልኩት።» ይህን ብላ በሁለት እጇ መሬቱን እየመታች ጮኸች። ምን እንዳደረገች የገባኝ ያኔ ነው። እዚያ ደም እየተፋች፣ ላይኛዎቹን ረድፎች መርጣ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ስትጨምርበት ከኖረችበት ቦታ ነዳጁን ቀንሳዋለች። የታችኛውን አልነካችም፤ ቢነካ እዚሁ ግቢ ውስጥ አልነሣም ይል ነበር፣ ጉልቤም በር ላይ የቆመውን የእኔን ፒክአፕ ይዞ ይሄድ ነበር። ሲናደድ እግሩን የት ድረስ እንደሚረግጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። የቆረጠችው ልክ እዚያ ላይ ነው።

ጎሚስታውን እይልኝ ብላ ላከችው። ክንዴን በሽርጤ አሰረችልኝ። የግቢው ሰው ወሬውን ሰምቶ ተሰበሰበ፣ መኪና የሚቀባው ቀለም ቀቢያችንም መጣ።

ሳይቆይ ጉልቤ ራሱ በእግሩ መጣ። መኪናዋ በፈሰሰው የራሷ ዘይት ላይ ተንሸራትታ የመንገዱን ድጋፍ ግንብ መትታ ነደደች፤ እሱ ወጥቷል። ግንባሩ ተሰንጥቋል፣ ግራ እጁ እስከ ክንዱ ተልጧል። በቀኝ እጁ፣ በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ የሞተሩን ጎን በስቶ መንገድ ላይ የወደቀውን የተቆረጠ ቢየላ ይዟል። ርዝመቱ ስንዝር ያህል ነው፣ ክብደቱ ግን የዋዛ አይደለም። መጥቶ ፊቷ ቆመ።

«እታለም» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ነበር። «ተሳስተሽ ነው፣ አይደል? እንደዛሬ ሄዶ አያውቅም፣ እየበረረ ነበር። ላይኛው ረድፍ ላይ ተሳስተሽ ነው። ስለመታሁሽ እጅሽ ተንቀጥቅጦ ነው። ተሳስቼ ነው በይኝ።»

ለመናት እኮ ነው የምላችሁ። ቀለም ቀቢው ከኋላዬ «በይው፣ በይው እባክሽ» ሲል ሰማሁት። እኔም በዓይኔ ለመንኳት። አንዲት ቃል ናት። ተሳሳትኩ ካለች ስሟ ይጎድፋል፣ ነፍሷ ግን ትተርፋለች፤ እሱም ይቅር ብሏት፣ ደሟን በሸሚዙ ጠርጎላት፣ ሌላ መኪና ለምኖ ዳገቱን ይወጣል።

ቆይ ግድግዳውን ይዛ ተነሣች። ተስተካክላ ቆመች።

«አልተሳሳትኩም» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየን። ቢየላውን ወደ ላይ አነሣው።

እሷ አልሸሸችም፣ እጇንም አላነሣችም። እኔ መዶሻዬን በግራ እጄ ይዤ መሃል ገባሁ፤ በግራ እጄ ሚስማር እንኳ መትቼ አላውቅም። ጎሚስታው የጎማ ማውጫ ብረቱን ይዞ በዚያ በኩል ቆመ። ቀለም ቀቢው እንኳ የቀለም መርጫውን ደግኖ መጣ፣ ምን ሊያደርግበት እንደሆነ እስከዛሬ አይነግረኝም።

«ልጅህ አልጋ ሥር ገባች» አለችው ቆይ በትከሻዬ ላይ እያየችው። «በሩን ስትዘጋ። ማንም ሳይነግራት።»

ጉልቤ ቢየላውን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ቆመ። የትኛው አልጋ እንደሆነ፣ የማን በር እንደሆነ ከእሷ ቀጥሎ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ክንዱ ሲወርድ አየሁ። ብረቱ እግሯ ሥር ወደቀ። እሱም ሮለሩ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የተቃጠለ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ፖሊስ እስኪመጣ አልተንቀሳቀሰም።

ታሰረ። ሚስቱን ሰብሮ አይደለም፣ እህቱን አድምቶም አይደለም፤ እነዚያ የቤት ጉዳይ ናቸው። የታሰረው የእኔን ክንድ ሰብሮ ነው። ዳኛው ይህን ሲያነብ ከሳቅና ከእንባ የትኛው እንደመጣብኝ አላውቅም። ቆይ ስንቅ ይዛ ትጠይቀዋለች። ምን እንደሚያወሩ አልጠይቃትም። አንዳንዴ ከዚያ ስትመለስ ምሳዋን አትበላም።

ሚስቱ ከማላውቀው ቁጥር አንድ ጊዜ ደውላ «እትዬን አቅርብልኝ» አለችኝ። ቆይ ስልኩን በግራ ጆሮዋ ይዛ ብዙ ሰማች። ትንሿ ልጅ ስልኩን ተቀብላ ምን እንዳለቻት ግን ለማንም አልተናገረችም፣ ጥርሷ የጎደለ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች ብቻ።

ባለመኪናዎች ለተወሰነ ጊዜ ራቋት። «የእሷ ካርታ ሞተር ፈነዳ» ተባለ፤ እሷም አላስተባበለችም። ቀስ በቀስ ግን ተመለሱ። ባለፈው አንድ አዲስ ጎረምሳ ሮለሩ ላይ ሆኖ «በእርስዎ የመጀመሪያ ካርታ የሞተ ሞተር የለም ሲሉ ሰምቻለሁ» አላት።

«አንድ አለ» አለችው። «ሁለት ሺህ ያዝ።»

ቢየላው እሷ ጋ ነው ያለው። የሥራ ክፍሏ በር ሥር አስገብታዋለች፤ በሩ በኃይልም በቀስታም አይዘጋም።